የታጠረው ሜዳ፤ የድረሳዥ ግልቢያ መሠረቱና የሥፍራው ታሪክ በአውሮፓ

በአውሮፓ «ድረሳዥ» የሚባለው የፈረስ ግልቢያ ሥርዐት ስሙ የፈረንሳይኛ ነው። የቃሉ ሥር በዚያ ቋንቋ ማቅናት፣ ማሠልጠን፣ እንስሳን መግራት ማለት ስለ ሆነ፣ በአማርኛ «ፈረስ መግራት» የምንለው ፍቺውን ያለ ጉድለት ይገልጠዋል። ልዩነቱ፣ በእኛ አነጋገር ፈረስ ተገራ የሚባለው ልጓምና ኮርቻ ተቀብሎ ሰው ሲያስቀምጥ ሲሆን፣ በድረሳዥ ግን ይህ የትምህርቱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አለመሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ሥልጠና ይከተላል። የሥልጠናውም ዐላማ ፈረሱ ተለቆ ሳለ ከተፈጥሮው የሚያሳየውን ውብ እንቅስቃሴ፣ ሰው በጀርባው ተቀምጦ ሳለም በትእዛዝና በእርጋታ እንዲያሳይ ማድረግ ነው።

ይህ ጥበብ የሚፈጸመው በተገኘው ሜዳ ሁሉ ሳይሆን በተለካና በታጠረ ሥፍራ ነው። ስለ ጥበቡ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ፈረሱና ፈረሰኛው ናቸው፤ ሥፍራው ግን እንደ ተራ ዕቃ ተቈጥሮ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ሥፍራው ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው የሚል ነው። አጥሩ ለምን ተሠራ? ወደ ውስጥ መግባት የተፈቀደው ለማን ነበር? ከአጥሩ ውጭ ተቀምጦ የሚፈርደውስ ማን ነው? ብለን ብንጠይቅ፣ ችሎታን ለመመዘን የተበጀ የሚመስለው ይህ ሜዳ ለረጅም ዘመን ከችሎታ አስቀድሞ ማዕርግን ሲመዝን እንደ ኖረ እናገኛለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ ሥፍራው በዛሬው መልኩ ምን እንደሚመስል እንመልከት። ለታላላቅ ውድድሮች የሚያገለግለው ሜዳ ወርዱ 20 ሜትር፣ ርዝመቱ 60 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ነው። ለጀማሪዎች የሚበጀው አነስተኛው ሜዳ ደግሞ ወርዱ ያው 20 ሜትር ሆኖ ርዝመቱ 40 ሜትር ነው። መሬቱ ደልዳላና አሸዋ የለበሰ ነው። ዙሪያው በነጭ አጥር ይከበባል፤ የአጥሩ ቁመት ግን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ወሰኑን ያመለክታል እንጂ ፈረሱን በግድ የሚይዘው አይደለም። በአጥሩ ዳር የላቲን ፊደሎች በየርቀታቸው ይቆማሉ። ፈረሰኛው የሚገባው በአንደኛው አጭር ጎን መካከል «ኤ» የሚለው ፊደል ካለበት በር ነው፤ ዋናው ዳኛ በተቃራኒው አጭር ጎን «ሲ» ከሚለው ፊደል ጀርባ ይቀመጣል፤ የሜዳው እምብርት «ኤክስ» ይባላል። በትልቁ ሜዳ ረጃጅም ጎኖች ላይ የመጀመሪያው ፊደል ከማዕዘኑ 6 ሜትር ርቆ ይቆምና የቀሩት በየ12 ሜትሩ ይከተላሉ። አቀማመጣቸው የፊደል ተራን ስለማይጠብቅ፣ ተማሪው እንደ ዳዊት ደጋሚ በቃሉ ሊይዛቸው ይገባል።

የሜዳው ልክ ከትምህርቱ ጋራ የተያያዘ ነው። ወጣት ፈረስ በተፈጥሮው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ሰው ቀኙን ወይም ግራውን እንደሚያስቀድም ሁሉ ፈረስም ወደ አንድ ጎኑ ያዘነብላል። ይህን የሚያቀናው በክብ መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ ደጋግሞ መመላለስ ነው። የሜዳው 20 ሜትር ወርድ ለጀማሪ ፈረስ የሚስማማውን ሰፊ ክብ በልኩ ይይዛል፤ በአነስተኛው ሜዳ ሁለት፣ በትልቁ ሦስት እንደዚህ ያሉ ክቦች ተከታትለው ይገባሉ። ፈረሱ እየበረታ ሲሄድ ክቡ ወደ 10፣ ከዚያም ወደ 8 እና ወደ 6 ሜትር ይጠብባል። ማዕዘኖቹ ፈረሱ ሚዛኑን ሳያጣ እንዲታጠፍ ያስተምሩታል፤ ረጅሙ ጎን ደግሞ ቀጥ ብሎ መሄዱን ይፈትናል። እንግዲህ ሜዳው የሚታይ መድረክ ብቻ ሳይሆን ራሱ አስተማሪ ነው ማለት ይቻላል።

የግልቢያው መሠረት ሦስቱ የፈረስ አካሄዶች ናቸው፤ እነርሱም እርምጃ፣ ሶምሶማና ግልቢያ ናቸው። እርምጃ አራት፣ ሶምሶማ ሁለት፣ ለዘብ ያለው ግልቢያ ሦስት ምት አላቸው። የጀርመን መምህራን ትምህርቱን በስድስት ደረጃ ይከፍሉታል፤ ይኸውም የምት መስተካከል፣ የሰውነት መፍታታት፣ በልጓሙ በኩል ከፈረሰኛው እጅ ጋራ ያለ ለስላሳ ግንኙነት፣ ከኋላ እግሮች የሚነሣ ኀይል፣ ቀጥተኛነትና በመጨረሻ መሰብሰብ ነው። መሰብሰብ ማለት ፈረሱ ክብደቱን ከፊት እግሮቹ ወደ ኋላ እግሮቹ አዛውሮ ከፊት ቀለል ብሎ መሄዱ ነው። እዚህ የደረሰ ፈረስ «ፒያፍ» የተባለውን ሥራ ይሠራል፤ ይህም ወደ ፊት ሳይራመድ ባለበት ሶምሶማ መርገጥ ነው። ፈረሰኛው ትእዛዙን የሚያስተላልፈው በአቀማመጡ፣ በክብደቱ፣ በባቱና ዛቡን በያዘው እጁ ነው፤ በድምፅ ማዘዝ በውድድር ነጥብ ያስቀንሳል። ዳኞች ለእያንዳንዱ ሥራ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ። ትእዛዙ ለተመልካች ዐይን በተሰወረ መጠን ሥራው ይመሰገናል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንዲህ ያለው አጥር እንግዳ ነገር ነው። በአገራችን ፈረስ የጦርነትና የክብር ጓደኛ ነበረ፤ ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበርና ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ይባሉ ነበር። የፈረሰኛ ችሎታ የሚታይበት የጉግስ ጨዋታ ግን የሚካሄደው በገላጣ ሜዳ ነው። ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ተከፍለው እያሳደዱና እየሸሹ በዘንግ ይወራወራሉ፤ በጋሻ ይመክታሉ፤ ፈራጁም ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ነው። ጉግስ የጦርነትን አኳኋን ጠብቆ የቆየ ጨዋታ ሲሆን፣ ድረሳዥ ግን ከጦር ሜዳ ተለይቶ በአጥር ውስጥ የገባ ጥበብ ነው። ይህ መለየት እንዴት እንደ መጣ ለመረዳት ወደ ጥንቱ መመለስ ያስፈልጋል።

ስለ ፈረስ ግልቢያ ጽፈው ሥራቸው ሙሉ ሆኖ ከደረሰን የግሪክ ደራሲዎች ስመ ጥሩው የአቴናው ክሴኖፎን ነው። እርሱ የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛውና በ4ኛው መቶ ዓመት ሲሆን ራሱም ወታደር ነበረ። ትምህርቱ ለጦር ፈረሰኛ የተሰጠ በመሆኑ ፈረሱን በዳገትና በቁልቁለት፣ ጉድጓድ በማዝለልም እንዲለማመዱበት ያዝዛል፤ አጥር የለበትም። ቢሆንም ለሰልፍ የሚወጣ ፈረስ አምሮ እንዲታይ እንዴት እንደሚሠለጥን ጨምሮ ጽፏል፤ በማስገደድ የሚገኝ ሥራም ውበት እንደሌለው በጭፈራ ምሳሌ ያስረዳል። የሰው ፈቃድና የፈረስ ፈቃድ እንዴት ይስማሙ የሚለው ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከጥበቡ አልተለየም።

በ16ኛው መቶ ዓመት ጥያቄው በኢጣልያ እንደ ገና ተነሣ። በ1550 የናፖሊው መኰንን ፌዴሪኮ ግሪዞኔ ስለ ግልቢያ ሥርዐት አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም ወደ ልዩ ልዩ የአውሮፓ ቋንቋዎች ተተረጐመ። የግሪዞኔ ዘዴ ጠንካራ ልጓምንና ቅጣትን የሚያበዛ ነበር፤ ክሴኖፎን ያወገዘውን ማስገደድ ለዘመኑ እንደ ሕግ አድርጎ አቀረበው። በዚያው ዘመን የጠመንጃና የመድፍ መስፋፋት፣ ከባድ የብረት ልብስ ለብሶ በፈረስ የሚዋጋውን ባላባት በጦር ሜዳ የነበረውን የበላይነት እያሳጣው ሄደ። ባላባቱ ግን ፈረሱን አልተወም። ግልቢያ የጦር ሙያ መሆኑ ሲቀንስ የመልካም አስተዳደግና የዘር ክብር ምልክት መሆኑ ጨመረ፤ መማሪያውም ከሜዳ ወደ ቤተ መንግሥት ግቢ ገባ። የአጥሩ መነሻ ከዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ለውጥ ጥሩ ምስክር የሚሆነን ፈረንሳዊው አንቷን ደ ፕሉቪኔል ነው። በናፖሊ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1594 በፓሪስ ለመኳንንት ልጆች አካዳሚ አቋቋመ። በዚያ የሚሰጠው ትምህርት ግልቢያ ብቻ አልነበረም፤ የሰይፍ ጨዋታ፣ ጭፈራና ሒሳብም ይማሩበት ነበር። ኋላ ካርዲናልና የፈረንሳይ ዋና ሚኒስትር የሆነው ሪሽልዬ በልጅነቱ ከዚህ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። ፕሉቪኔል ንጉሥ ሉዊ 13ኛን ግልቢያ ያስተማረ ሲሆን፣ ከሞተ በኋላ በ1623 የታተመው መጽሐፉ በብዙ ሥዕሎች የተጌጠ ነው። በሥዕሎቹ ላይ ፈረሱ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ታስሮ የፊት እግሮቹን ማንሣት ሲማር፣ ንጉሡና መኳንንቱ ዙሪያውን ቆመው ሲመለከቱ ይታያል። ፕሉቪኔል ከግሪዞኔ ይልቅ ለስላሳ ነበር፤ ለፈረሱ አእምሮ እንዲጨነቁ፣ ቅጣትንም የመጨረሻ መንገድ እንዲያደርጉ ያስተምር ነበር። ነገር ግን በአጥሩ ውስጥ ያለው ተማሪ የታላቅ ሰው ልጅ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው ተመልካችም ታላቅ ሰው ነበር።

የሜዳውን ቅርጽ በትምህርት ላይ ያጸናው ደግሞ ፍራንሷ ሮቢሾን ደ ላ ጌሪኒዬር ነው። በ1730 በፓሪስ በቱይለሪ ቤተ መንግሥት አጠገብ ለነበረው የንጉሥ የግልቢያ አዳራሽ ኀላፊ ሆነ፤ በ1733 የፈረሰኛ ትምህርትን የሚመለከት ታላቅ መጽሐፉን አሳተመ። ከእርሱ በፊት እንግሊዛዊው የኒውካስል መስፍን ዊልያም ካቨንዲሽ ፈረሱን በክብ መንገድ ላይ ትከሻውን ወደ ውስጥ አዘንብሎ ያስኬደው ነበር። ጌሪኒዬር ይህን ሥራ ከክቡ አውጥቶ በቀጥታው የአዳራሹ ግድግዳ አጠገብ አደረገው። ፈረሱ ፊቱን በመጠኑ ከግድግዳው መልሶ በቀጥታ መሥመር ሲራመድ፣ የውስጡ የኋላ እግር ከሆዱ በታች ገብቶ ክብደት መሸከምን ይለማመዳል፤ ትከሻውም ይፍታታል። ለዚህ ሥራ ቀጥ ያለ ረጅም ጎን ያስፈልጋል። ስለዚህ አራት ማዕዘኑ ሜዳ ከሕንጻ ልማድ የተገኘ ብቻ ሳይሆን ከትምህርቱ ባሕርይ ጋራ የተዋሐደ ሆነ። ይህ የጌሪኒዬር ሥራ እስከ ዛሬ በድረሳዥ ፈተናዎች ይጠየቃል።

የዚያ የቱይለሪ አዳራሽ ዕጣ በታሪክ ተመራማሪ ዘንድ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የፈረንሳይ አብዮት ከተነሣ በኋላ የሕዝብ እንደራሴዎች ጉባኤ በኖቬምበር 1789 ወደዚህ የፈረስ አዳራሽ ገባ፤ ረጅምና ጠባብ ስለ ነበረ ለንግግር የማይመች ቢሆንም እስከ 1793 ድረስ ተሰበሰቡበት። በሴፕቴምበር 1792 የንጉሥ አገዛዝ መቅረቱ የታወጀው በዚሁ አዳራሽ ነው፤ ንጉሥ ሉዊ 16ኛም ለፍርድ ቀርቦ የሞት ፍርድ የተፈረደበት በዚሁ ነው። የመሳፍንት ልጆች እንዴት በክብር መቀመጥ እንዳለባቸው ይማሩበት በነበረው ወለል ላይ፣ ንጉሡ ራሱ በሕዝብ እንደራሴዎች ፊት ተከሳሽ ሆኖ ቆመ። አጥሩ በዚያ ቀን ተሰበረ ለማለት ይቻላል፤ የግልቢያው ሥርዐት ግን ከአዳራሹ ጋራ አልጠፋም።

በቪየና ሌላ ዕድል ገጠመው። በዚያ ከተማ የነበረው የሐፕስቡርግ ቤተ መንግሥት የግልቢያ ትምህርት ቤት ከስፔን ዘር በሚቀዱት ፈረሶች የተነሣ «የስፔን የግልቢያ ትምህርት ቤት» ይባላል። ፈረሶቹ የሚረቡበት በሊፒሳ የነበረው ጋጣ በ1580 ተመሠረተ። ዐፄ ካርል 6ኛ ያሠሩት የክረምት አዳራሽ በዮሴፍ ኤማኑኤል ፊሸር ፎን ኤርላኽ መሐንዲስነት ከ1729 እስከ 1735 ተሠራ። ርዝመቱ 55፣ ወርዱ 18 ሜትር ነው፤ የተመልካቾቹን ሰገነት 46 ዓምዶች ይሸከሙታል። በአንደኛው ጫፍ የዐፄው ሥዕል ተሰቅሏል፤ ፈረሰኞቹ ሲገቡ ባርኔጣቸውን አንሥተው ለሥዕሉ እጅ ይነሣሉ። የኦስትሪያ ንጉሣዊ አገዛዝ በ1918 ካከተመ በኋላም ትምህርት ቤቱ በሪፐብሊኩ ሥር ሥራውን ቀጠለ፤ ለሥዕሉ የሚደረገው ሰላምታም አልቀረም። የዩኔስኮ ድርጅት በ2015 ይህን የግልቢያ ትምህርት ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ጋራ መዝግቦታል። ገዢው ከሄደ በኋላ የገዢው ቦታ በሜዳው ጫፍ ላይ እንደ ተጠበቀ ቀረ፤ በዛሬው የውድድር ሜዳ ፈረሰኛው ገብቶ ቆሞ ሰላምታ የሚሰጠው በዚሁ አቅጣጫ፣ በአጭሩ ጎን መካከል ለተቀመጠው ዳኛ ነው።

የንጉሥ ትምህርት ቤቶች በየአገሩ ሲዳከሙ ጥበቡን የተረከቡት የፈረሰኛ ጦር ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ከእነዚህም በፈረንሳይ ሶሙር፣ በጀርመን ሃኖቨር፣ በስዊድን ስትሬምስሆልም የታወቁ ነበሩ። ስለዚህ ድረሳዥ በ1912 በስቶክሆልም በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ሲገባ የተወዳደሩት የጦር መኮንኖች ነበሩ፤ ሦስቱንም ሜዳሊያ ስዊድናውያን ወሰዱ። በ1921 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ያጸናው ደንብ ለኦሊምፒክ የፈቀደው ባለ ሙሉ ማዕርግ መኮንኖችን፣ ከእነርሱም ጋራ ለገንዘብ ሳይሆን ለክብር የሚጋልቡ ሲቪል ወንዶችን ነበር። የበታች ሹም ግን ግልቢያን መተዳደሪያው ያደረገ ሠራተኛ ተብሎ ይከለከል ነበር። መኮንኑም እንደ በታች ሹሙ የመንግሥት ደመወዝ ይቀበል እንደ ነበረ ስንመለከት፣ ክልከላው ገንዘብን ሳይሆን ማዕርግን የሚጠብቅ መሆኑን እንረዳለን።

ይህ ደንብ በ1948 በለንደኑ ኦሊምፒክ ተፈተነ። በቡድን ድረሳዥ የስዊድን ቡድን አንደኛ ወጣ። ፈረሰኞቹ ሄንሪ ሳንት ሲር፣ የ1912 ባለ ብር ሜዳሊያ ልጅ የሆነው ጉስታፍ አዶልፍ ቦልተንስቴርንና ጌህኔል ፐርሶን ነበሩ። ፐርሶን የበታች ሹም ስለ ነበረ ለውድድሩ ሲባል የመኮንን ማዕርግ ተሰጠው፤ ከውድድሩ በኋላም ማዕርጉ ተመልሶ ተወሰደበት። ነገሩ በታወቀ ጊዜ ፌዴሬሽኑ በ1949 የፐርሶንን ውጤት ሰረዘ፤ ቡድኑም ወርቁን ተነጠቀ፤ አንደኝነቱ ለፈረንሳይ ተላለፈ። ዳኞቹ በሜዳው ላይ ያዩት ሥራ አልተለወጠም፤ ፈረሱም ያው ፈረስ ነበረ። የተለወጠው በሰውየው ትከሻ ላይ ያለው ምልክት ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምስክር አያሻውም።

ነገሩ ያስከተለው ክርክር ደንቡን አስለወጠ። በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ድረሳዥ ለበታች ሹሞችም ለሴቶችም ተከፈተ። እነዚያው ሦስት ስዊድናውያን ተመልሰው የቡድኑን ወርቅ ወሰዱ፤ በ1956ም ደገሙት። በሄልሲንኪ በግል ውድድር ሳንት ሲር አንደኛ ሲወጣ፣ ሁለተኛ የወጣችው የዴንማርኳ ሊስ ሃርቴል ናት። ይህች ሴት በ1944 በፖሊዮ በሽታ ተይዛ ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆና ስለ ነበረ ወደ ኮርቻው የምትወጣው በሰው ርዳታ ነበር። ባቷ ለፈረሱ ትእዛዝ ማስተላለፍ ሳይችል በአቀማመጧና በክብደቷ ብቻ ያን ውጤት ማግኘቷ፣ የጥበቡ መሠረት የጉልበት ኀይል አለመሆኑን ከብዙ መጻሕፍት ይበልጥ አስረዳ። በ1972 በሙኒክ የጀርመኗ ሊዘሎት ሊንዘንሆፍ በግል ድረሳዥ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከ1988 እስከ 2024 በተደረጉት ዐሥር ኦሊምፒኮች ደግሞ በግል ድረሳዥ አንደኛ የወጡት ሁሉም ሴቶች ናቸው። ከ1952 በፊት በሜዳው ያልታዩት ችሎታ ስለ ጐደላቸው እንዳልነበረ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። በቪየናው ትምህርት ቤት ግን ሴቶች በተማሪነት የተቀበሉት በ2008 ነው፤ ልማድ በግድግዳ ሲከበብ ከዝቅተኛ አጥር ይልቅ እንደሚጸና ከዚህ እንረዳለን።

የግሪኩ ፈላስፋ ካርኔያዴስ የነገሥታትና የባለጸጎች ልጆች በትክክል የሚማሩት ነገር ቢኖር ግልቢያ ብቻ እንደ ሆነ መናገሩን ፕሉታርክ ጽፏል፤ መምህር ያሞግሳቸዋል፣ የትግል ባልንጀራም ይወድቅላቸዋል፣ ፈረስ ግን የጋላቢውን ማንነት ስለማያውቅ ያልቻለውን ሁሉ ይጥለዋል በማለት ነው። በዚህ አስተያየት መሠረት ድረሳዥ ከጥንት ጀምሮ በውስጡ የተሸከመው ተቃርኖ ይታየናል። አጥሩን የሠሩት ሰዎች ማዕርግን ሲጠይቁ፣ በአጥሩ ውስጥ ያለው እንስሳ ማዕርግን አያውቅም ነበር። ከአብዮቱ፣ ከ1949 ውሳኔና ከ1952 ለውጥ በኋላ ሜዳው ቀስ በቀስ ወደ ፈረሱ ፍርድ ቀረበ ማለት ነው።

ይሁንና ጥያቄው ሁሉ ተፈጽሟል ማለት አይደለም። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ዋዜማ አንዲት ስመ ጥር የድረሳዥ ፈረሰኛ በልምምድ ጊዜ የአንድን ፈረስ እግር በረጅም አለንጋ ደጋግማ ስትመታ የሚያሳይ ፊልም በመውጣቱ ከውድድሩ ራሷን አገለለች፤ ፌዴሬሽኑም ለአንድ ዓመት ከውድድር አገዳት። ለዘመናት ሰዎች የተከራከሩት ወደ አጥሩ መግባት ለማን እንደሚፈቀድ ነበር፤ አሁን ክርክሩ ምንጊዜም በአጥሩ ውስጥ ወደ ነበረውና ፈቃዱን በቃል መናገር ወደማይችለው ወገን ዞሯል። ክሴኖፎን ያነሣው የማስገደድ ጥያቄ ከ2 ሺህ ዓመት በኋላ በዚያው በ20 ሜትር ወርድ ላይ መልስ እየጠበቀ ነው። የሥፍራን ታሪክ የሚያጠና ሰው ስለ ማናቸውም የታጠረ ሜዳ ሊጠይቅ የሚገባው፣ በውስጡ ምን ይሠራል ብቻ ሳይሆን፣ አጥሩ ማንን ከውጭ አስቀረ፣ ማንንስ ሳይጠየቅ አስገባ የሚለውን ጭምር ነው።